ከአጥሩ ውጭ

ባሕር ዳር መናኸሪያ የደብረ ታቦር መኪና ስጠብቅ አንድ ልጅ ማዳበሪያ ተሸክሞ በአጠገቤ አለፈ። የማዳበሪያው አፍ በሲባጎ ተጠፍሯል፤ ጎኑ ላይ «ዩሪያ» የሚለው ጽሑፍ ግማሹ ለቋል። የልጁን ፊት አላየሁትም። የያዘኝ ጠረኑ ነው፤ የኩበት ጭስ የጠጣ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ፀሐይ ያደረቀው እንጀራ። ድርቆሽ። ቁርሴን በልቼ ነበር፤ ምራቄን ግን ዋጥሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። የእኛ ስንቅ ላምባ ላምባ ይል ነበር። በሃይላንድ የተቀዳው ላምባ ከእንጀራው ጋር በአንድ ማዳበሪያ ይታሰራል። ክዳኑ በላስቲክ ቢጠበቅም ዳገቱን ስንወጣ ጠብ ጠብ ማለቱ አይቀርም። የፈሰሰ ሳምንት፣ እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ ላምባ የሚል እንጀራ እንበላለን። ማንም አይጥለውም። የዛሬ ልጆች በሶላርና በስልክ መብራት ያነባሉ ይሉኛል። እሰየው ነው፤ ላምባ የሚናፍቅ ሰው ላምባ በልቶ የማያውቅ ነው።

ነገሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የእኔ መንደር ከላይ ጋይንት ወደ ታች ጋይንት በሚወርደው አፋፍ ሥር፣ ቆላ ውስጥ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ነፋስ መውጫ መሄድ ነበረብን። ዓርብ ከትምህርት መልስ ቁልቁል እንወርዳለን፤ ቅዳሜን አርሰን ወይም አጭደን እንውላለን፤ እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን ሽቅብ። መንገዱን በሰብል ነበር የምናውቀው። ከማሽላው ስንወጣ ጤፍ፣ ከጤፉ ስንወጣ ስንዴ፣ ገብሱ ሲጀምር ጋቢያችንን እንከናነባለን። ከገብሱ በላይ ያለው ነፋስ ነው። ከተማዋ ያለችው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ወደ ምዕራብ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና ይታያል። ቆላ አድጎ እዚያ ለመጣ ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ብርድ ነው። ጥርሳችን ሲንገጫገጭ የደጋ ልጆች ይስቁብን ነበር።

ቅዳሜ ሌሊት እናቴ አትተኛም። ምጣዱ ላይ እንዳጎነበሰች ነው የሚነጋባት። ማዳበሪያው ውስጥ የሚገባው ነገር ተራ ነበረው፤ ከታች ድንች፣ በላዩ ድርቆሽ፣ ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረ የባቄላ ሽሮ፣ በፌስታል በርበሬና ጨው፣ በሶ ካለ በሶ፣ ቆሎ በኪስ፣ ከሁሉም በላይ እስከ ማክሰኞ የሚበላው ትኩስ እንጀራ። አንድ ጥግ ላይ ኩበት ትከታለች፤ ከተማ ውስጥ ኩበት በገንዘብ ነው። ስትሸኘኝ ስለ ትምህርት አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም። የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሽሮውን እንዳታበድር። ኋላ ማነው የሚመልስልህ?»

«እሺ እምዬ።»

አበድር ነበር። ሁላችንም እናበድር ነበር፤ የማያበድር ልጅ ሐሙስ ላይ ሲያልቅበት የሚሰጠው አያገኝም። እስቴ ውስጥ መካነ ኢየሱስ የተማረ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ስማዳ ወገዳ የተማሩ ጓደኞችም ኋላ አግኝቻለሁ። ስንገናኝ ስለ መምህራን አናወራም። ወሬያችን ያው ነው፤ የማን እናት ምን ትቋጥር ነበር፣ ማን የማንን ድንች ሰረቀ፣ ሐሙስን እንዴት ተሻገራችሁት።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ዳር ነበር። በአገሪቱ ሁሉ የሚታየው ዓይነት ቅጥር ነው፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። ባሕር ዛፍ በረድፍ፣ የቆርቆሮ በር፣ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ፣ ግራና ቀኙ ላይ ኖራ የተቀባ ድንጋይ የተደረደረበት መንገድ፣ መሐል ላይ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ። ከዚያ ብሎኮቹ፤ ረዣዥም፣ ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን። ግድግዳው ላይ የተማሪ እጅ የሳለው የአፍሪካ ካርታ፣ የሰው ሆድ ዕቃ ከነ አንጀቱ፣ የፀረ ኤድስ ክበብ መፈክር። ጧት ሰልፍ ላይ ቆመን ጣታችን ደንዝዞ ባንዲራ እንሰቅላለን። በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ ይለቃል፤ ድምፅ ማጉያው ግማሹን ነፋሱ ይወስድበታል። የመስኮቱን ቆርቆሮ ብንዘጋው ክፍሉ ይጨልማል፣ ብንከፍተው ደብተሩን ነፋሱ ይገልጥልናል፤ ወይ ብርድ ወይ ጨለማ መርጠን ነበር የምንማር። ሰኔ ላይ በረዶ ሲወርድ ኮርኒስ የሌለው ጣራ ይጮኻል፤ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ እጁን ካፖርቱ ኪስ ከትቶ፣ እስኪያባራ ይጠብቃል። እነዚያን ደቂቃዎች እወዳቸው ነበር። አርባና ሃምሳ ልጅ ዝም ብሎ ጣራ ይሰማል።

ለአጥሩ የሚደረገው ጥንቃቄ ይገርመኝ ነበር። አጥር በየዓመቱ ይጠገናል፤ በሩ በሰዓቱ ይዘጋል፤ ያረፈደ ውጭ ይቀራል፤ መታወቂያ የሌለው አይገባም። ዩኒት ሊደሩ አለንጋ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል ግን የዚህ ሁሉ ጥበቃ ሥራ ያበቃል። በሩ ይከፈትና ሁላችንም ወደ ከተማው እንፈሳለን፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደምንገባ፣ ምን እንደምንበላ፣ በምን እንደምናነብ የማንም ጉዳይ አልነበረም።

ይህን ለመረዳት ረዥም ጊዜ ፈጅቶብኛል። ያ የብሎክ አሠራር ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ፣ ቢያንስ በከፊል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተወረሰ ይመስለኛል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን እርዳታ በየጠቅላይ ግዛቱ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች ንድፋቸው ተመሳሳይ ነበር፤ ወጪው አነስተኛ፣ ቶሎ የሚቆም፣ ሕዝቡም የሚያዋጣበት። ለአንደኛ ደረጃ ያ ንድፍ ምንም አይወጣለትም። የሰባት ዓመት ልጅ ከመንደሩ ወጥቶ ይማራል፣ ተመልሶ እናቱ ጓዳ ምሳውን ይበላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ግማሽ ወረዳ ይሰበስባል። ግቢው ሲነደፍ ግን አንድ ሰው በልቡ የያዘው ተማሪ ነበረ፤ የከተማ ልጅ፣ ቤቱ ከበሩ ማዶ የሆነ። እኛ በዚያ ወረቀት ላይ አልነበርንም። ቁጥራችን ግን ከከተማው ልጆች ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ትምህርት ቤት ነበረን፤ ከአጥሩ ውጭ።

አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል። የጭቃ ግድግዳ፣ የጭቃ መደብ፣ ሰሌን፣ አንድ ኩራዝ። ጣራው ላይ የተከመረው ጥቀርሻ ሌሊት በእንቅልፋችን ፊታችን ላይ ይወርዳል፤ ጧት ከቦኖ ውሃ ቀድተን እስክንታጠብ ሁላችንም ጢም ያበቀልን እንመስላለን። አከራያችን እትዬ እንላቸው ነበር። ቁጡ ነበሩ። የኩራዙን ብርሃን በበሩ ስንጥቅ አይተው፣ «እናንተ ልጆች! ቤቴን ልታቃጥሉት ነው?» ይላሉ። ኩራዙን እፍ እንላለን፤ ኮቴያቸው ሲርቅ እንደገና እንለኩሳለን። ኪራዩ ያለፈ ወር ግን አባረውን አያውቁም። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ ከቆላ ስመለስ በአጥሚታቸው ነው የተነሣሁት። እንዲህ ያሉ ሴቶች በየትኛውም የትምህርት ቢሮ መዝገብ አይገኙም፤ ለእኔ ግን የዚያ ትምህርት ቤት ግማሽ አስተዳደር እሳቸው ነበሩ።

ማታ ማታ የሚያስጠናን ከእኛ በክፍል የሚበልጥ ልጅ ነበር። ቀን ክፍል ውስጥ ያልገባንን ሌሊት እሱ ነው የሚፈታልን። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ከአንድ የከተማ ልጅ ተውሰነዋል፤ ስለዚህ ተራ ገብተን እንገለብጠዋለን። አንድ ሙሉ የሂሳብ መጽሐፍ በእጄ ጽፌያለሁ፤ ምዕራፍ ስድስት ላይ የእኔ ጽሕፈት አልቆ የሌላ ልጅ ጽሕፈት ይጀምራል። ሥዕሎቹን የሚስለው ሦስተኛው ነበር። አራተኛው ዲያቆን ነው።

ዲያቆን የምንለው ከቤተልሔም የመጣ ስለነበረ ነው። ታች ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ መምህራን የሚመሰከሩባት ቦታ ናት፤ ድጓ የተማረ ከየትም አገር መጥቶ እዚያ ካላስመሰከረ እውቀቱ ሙሉ አይባልለትም። የግራኝ ጦርነት አገሩን ሲያጠፋው የያሬድ ድጓ የተረፈው እዚያ ነው ይባላል። ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ጋይንት ዙር አምባ ነው፤ ቅኔ የፈለገ ከጨጨሆ ማዶ ወደ ዋድላ ይሻገራል። እኛ ዘጠነኛ ክፍል ገባን ብለን ስንኩራራ በተቀመጥንበት አገር ከኛ በፊት ለብዙ መቶ ዓመት ከመላ ኢትዮጵያ ተማሪ ይጎርፍ ነበር። ዲያቆን ድጓውን ሳይጨርስ አቋርጦ ነው ወደ እኛ የመጣው። ምክንያቱን አልነገረንም።

ለማንኛውም ነገር ዜማ ያወጣ ነበር። የኬሚስትሪውን ሠንጠረዥ ሌሊት ላይ እንደ ቁም ዜማ ያወርደዋል፤ ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፤ ሶዲየም ላይ ሲደርስ ድምፁን ይሰብራል። በሳቅ እንሞታለን። ፈተና ላይ ግን ሁላችንም በልባችን እያዜምን ነበር የጻፍነው፤ እስከ ካልሲየም ድረስ ዛሬም ያለ ዜማ አይመጣልኝም።

አንድ ማታ ሽሮ እያማሰለ፣

«ይሄ ትምህርት ቤታችሁ ግን ጎጆ የለውም እንዴ?» አለን።

«የምን ጎጆ?»

ነገረን። ቤተልሔም አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት ነው የምታድር የሚል ነው። ተምሮ የሄደ ተማሪ የተወው ጎጆ ካለ እሱ ይሰጠዋል። ከሌለ እንጨትና ሣር ተለቅሞ፣ ሁሉም ተረዳድቶ ይሠራለታል። ጎጆዎቹ የሚቆሙት በመምህሩ ዙሪያ ነው፤ ሌሊት ዜማ የጠፋበት ተማሪ ጎረቤቱን አንኳኩቶ ይጠይቃል። ትንንሾቹን የሚያስቀጽሉ ትልልቅ ተማሪዎች አሉ። እህል በአኮፋዳ ተለምኖ ይመጣል፤ ደበሎ ለብሰው፣ ውሻ እያሯሯጣቸው። ረኃብ አለ፣ ቅማል አለ፣ ሞት አለ፤ እሱ ራሱ ጓደኛ ቀብሯል። «ግን» አለ፣ «ማደሪያውን ለብቻ፣ ትምህርቱን ለብቻ አድርጎ የሚያስብ የለም።»

ያን ጊዜ መልስ አልሰጠነውም። ሽሮው ደርሶ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኛ ሳናውቀው ቤተልሔምን ነበር የሠራነው፤ ያስጠናን የነበረው ልጅ አስቀጻያችን፣ የኪራይ ክፍሏ ጎጇችን፣ ማዳበሪያው አኮፋዳችን። የቤተ ክህነቱን ትምህርት አላቆላምጠውም፤ እኔን ቢልኩኝ አመልጥ ነበር። ሆኖም ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ እንዳለ ከመጀመሪያው ያወቀ ትምህርት ቤት እሱ ነበር።

ማደሪያ ባለመኖሩ ሴቶቹ ልጆች የከፈሉት ዋጋ ከእኛ ይበልጣል። ክፍላችን ውስጥ ከስማዳ ወሰን የመጣች ልጅ ነበረች፤ ከፊቴ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሂሳብ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። እርሷም ከሁለት ልጆች ጋር ተከራይታ ነበር። የቤታቸው በር መቀርቀሪያ አልነበረውም፤ ማታ ማታ ድንጋይ ያስደግፉበታል። ጎረምሶች በሩን ይደበድባሉ። ይህን የሰማሁት ከሷ አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። ጥር ላይ ለጥምቀት ወደ ቤቷ ወረደችና አልተመለሰችም። ተዳረች። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ደቡብ ጎንደር ገጠር ውስጥ ያንን ሕግ የሚጠቅስ አባት ያን ጊዜ አላጋጠመኝም። አባቷን ግን ኋላ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነበር፤ ሰው ክፉ አይደሉም። «ልጄን በኪራይ ቤት ስም ከሚወጣባት በወግ ብድራት አይሻልም?» አሉኝ። የፈሩት ፊዚክስን አልነበረም፤ ያንን መቀርቀሪያ የሌለው በር ነበር። አጥሩ ውስጥ አንድ ማደሪያ ቢኖር፣ ዘበኛው ሌሊትም የሚጠብቀው ነገር ቢኖረው፣ ያቺ ልጅ ዛሬ የት ትሆን ነበር? መልሱን አላውቅም። ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

በዚያው ሰሞን ፕላዝማ መጣ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ነበር፤ ያዘጋጁት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ጥቁር ሰፊ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ቁልፉን የያዘው መምህሩ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከብዙዎቻችን መንደር መብራት የለም፤ ቴሌቪዥን ያየነው ከተማ በገባን ጊዜ ነው፤ አሁን ደግሞ አንዲት ሴት ከስክሪኑ ውስጥ ሆና በማናውቀው የእንግሊዝኛ ቅላጼ ስለ ሴል ትነግረናለች። ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሴኮንድ ትሰጠናለች፤ ጥያቄውን ተርጉመን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። የክፍለ ጊዜውን ትልቅ ድርሻ የምትወስደው እሷ ናት። ለመምህራችን መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም በአማርኛ ሊያስረዳን ይሞክራል፤ ላብ ያሰምጠዋል። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በደስታ ይጮኻል። መምህራችንም፣ ፊቱን አዞረ እንጂ፣ ፈገግ ማለቱን አይተናል። ከዚያ ጠመኔውን ያነሣል፤ የገባን ትምህርት ሁሉ የመጣው መብራት በጠፋ ቀን ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ሴፍቲኔት የተጀመረውም ያኔ ነው፤ 1997። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በየዓመቱ እህል ከሚያጥራቸው ወረዳዎች መሐል ስለነበሩ ገቡበት። አባቴ እርከን እየሠራ ስንዴ ይቀበል ነበር። የእናቴ ድርቆሽ በዚያ ዓመት ነጭ ሆነ፤ የእርዳታ ስንዴ ነው፤ ከጤፍና ከማሽላ እንጀራ ይልቅ ቶሎ ይፈረፈራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንድ ዓመት ከሰማይ በሳተላይት ትምህርት ወረደልን፣ ከወደብ በመኪና ስንዴ መጣልን። ሁለቱም ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው የተላኩት። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ እትዬ ቤት ያለችውን መንገድ ግን ያየልን አልነበረም።

ገንዘብ ስለሌለ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። በ1930ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተከፈቱት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣውን ልጅ አልጋ ሰጥተው፣ አብልተው ነው ያስተማሩት። የሩቅ ተማሪ መኖሩን ያን ጊዜ የሚያውቅ መንግሥት ነበረ ማለት ነው። ተማሪው ጥቂት ሳለ አልጋ ነበረው፤ ሲበዛ አልጋው ቀረ፤ ርቀቱ ግን አልቀረም። ዛሬም በክልሉ ለጥቂት ጎበዞች የተከፈቱ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። ይበል ነው። ለመካከለኛው ልጅ ግን፣ ሐሙስ ስንቁ ለሚያልቅበት፣ ያለው ያው የኪራይ ቤት ነው።

ኋላ ላይ አንድ ነገር ሆነና ሳቅ አስመጣብኝ። በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሆነ። ከየወረዳው ተማሪ በአውቶቡስ ተጭኖ ተጓዘ። አልጋ ተሰጠው፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት በላ፤ መብራት ነበረ፤ ጥበቃ ነበረ። የእኅቴ ልጅ ከዚያ ስትመለስ ደወለችልኝ።

«እንዴት ነበር ፈተናው?»

«ፈተናውስ ከባድ ነው ጋሼ። ግን ምግቡ! ደግሞ ሻወር አለ።»

አራት ዓመት በኪራይ ቤት ድርቆሽ በልታ የተማረች ልጅ፣ ለትምህርቷ ሲባል አልጋ የተነጠፈላት ለፈተናው ሰሞን ነበር። በዚያ ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጣው ተማሪ በአገር ደረጃ 3.3 ከመቶ ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ ወዲያ 5.4። ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን አቅም፣ ስለ ትውልዱ ስንፍና ይከራከራል። ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ስለ ሐሙስ ማታ ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ነፋስ መውጫ ስመለስ የማየው ሌላ ነገር ነው። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የከፈቱት ያ የወረታ-ወልዲያ መንገድ፣ ኮረቱ እግራችንን ይወጋው የነበረው። ፎቅ ቆሟል። እትዬ አርፈዋል፤ ቤታቸው ፈርሶ የሞባይል ሱቅ ሆኗል። በነሐሴ 2013 ከተማዋ ለቀናት በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ነበረች፤ 16 ሴቶች በራሳቸው ላይ የተፈጸመውን ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረዋል፤ ሪፖርቱ በ2014 ኅዳር ወጣ። አንብቤው ሳበቃ ለብዙ ቀን ስለዚያች ከተማ የማስበው ትዝታዬን አልነበረም። ቤት ያከራዩን፣ ኩበት በዱቤ የሰጡን፣ ሲያመን አጥሚት ያጠጡን ሴቶች ከተማ ናት። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በሌላ ግጭት በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለ ብሎክና ስለ አጥር የማወራው፣ ልጆቹ የሚገቡበት በር ራሱ በጠፋበት ዘመን ነው። ይገባኛል። ቢሆንም እነዚህ ቤቶች አንድ ቀን እንደገና ይሠራሉ፤ ሲሠሩ ደግሞ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ይነድፋቸዋል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ያለን የአካባቢው ተወላጆች ባለፈው ተሰብስበን ነበር፤ መንደራችን አጠገብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማሠራት መዋጮ ተጀምሯል። አንድ ወጣት መሐንዲስ ንድፉን በነጻ ሠርቶ አመጣ። ጎበዝ ልጅ ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ፤ አራት ብሎክ፣ የርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የወንድና የሴት መጸዳጃ ቤት፣ ኮርኒስ አለው፣ መስኮቱ መስታወት ነው። ዙሪያውን በጥቁር መስመር አጥር።

«ልጆቹ የት ነው የሚያድሩት?» አልሁ።

መሐንዲሱ ሳይሆን አጠገቤ ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው የመለሱልኝ። «እንግዲህ ትምህርት ቤቱን ቅርብ ያደረግነው ለዚህ አይደል?»

«ከወንዙ ማዶ ላሉትስ ጋሼ? ክረምት ሲሞላ?»

ዝም አሉ። መሐንዲሱ እርሳሱን አወጣና ከአጥሩ ጥግ ላይ ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘን ሣለ፤ አንዱን «ሴ» አንዱን «ወ» አለው። ወጪውን በቃሉ ሲገምት ከአጥሩ ወጪ ጋር የሚቀራረብ ሆነ። ከዚያ አጥሩ ይቅደም ወይስ ማደሪያው የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ ከብት ይገባል አለ፤ ሌላው አጥር የሌለው ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አይመስልም አለ፤ አንዲት ሴት ተነሥተው፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ከትምህርት ቀርተው የተዳሩ መሆናቸውን ተናግረው፣ «ሴ» የምትለዋ ብቻ እንኳ ትሠራ አሉ። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና ድምፅ ይሰጥ አለ።

አብላጫው እጅ ለአጥሩ ወጣ። «ሴ» የተባለችው ለሁለተኛው ዙር መዋጮ ትቆይ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ሴትዮዋ ለ«ሴ» ብቻ የሚውል ገንዘብ እሰበስባለሁ ብለው እዚያው ስም መመዝገብ ጀመሩ፤ ሦስተኛው ስም የእኔ ነው። ቀጣዩ አጀንዳ የቆርቆሮ ዋጋ ነበር።